ገዥው ያላየውን ሻጭ ይናገር ወይስ ይሸሽግ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ጥያቄ ከገበያ የመጣ ነው። ይኸውም፦ አንድ ሰው የራሱ የሆነውን ዕቃ ሲሸጥ፥ ገዥው ያላየውንና ያልጠየቀውን ጕድለት ሻጩ ራሱ የመናገር ግዴታ አለበትን? የሚል ነው። ብዙዎቻችን ጥያቄው ሲቀርብልን ፈጥነን «አዎን፥ አለበት» እንላለን። እኔም ካሁን ቀደም እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን አያቴ የተዉልንን ትራምፔት ለመሸጥ በተነሣን ጊዜ «አዎን» ማለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል አየሁ። ስለዚህ አብረን እንመረምረው ዘንድ የሆነውን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

አያቴ በወጣትነታቸው በዚሁ በሐረር ከተማ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ትራምፔት ነፊ ነበሩ። ጓዱ ይነፋበት የነበረው መሣሪያ የመንግሥት ንብረት ስለ ሆነ ጡረታ ሲወጡ አስረክበው ወጡ። ይህኛው ግን የግላቸው ነበር፤ ወደ አገሩ ለመመለስ በድሬዳዋ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ የውጭ አገር ሰው፥ ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዙት ነው። የተገዛበት ወረቀት እስከ ዛሬ በሳጥኑ ውስጥ አለ። በትራምፔቱም አፍ ላይ በፓሪስ መሠራቱን የሚናገር ጽሑፍ በጥሩ እጅ ተቀርጾበታል።

አያያዛቸው ለጉድ ነበር። በየቅዳሜው ውስጡን ለብ ባለ ውኃ ያጥቡታል፤ ሦስቱን ፒስተኖች ቀጭን ዘይት ይቀቡአቸዋል፤ ከዚያም በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ወደ ሳጥኑ ይመልሱታል። እኔ ልጅ ሳለሁ አጠገባቸው አስቀምጠው፥ መካከለኛው ፒስተን ሲጫን ድምፁን በግማሽ ቃና፥ የመጀመሪያው በአንድ ቃና፥ ሦስተኛው በአንድ ቃና ተኩል ዝቅ እንደሚያደርገው ያስረዱኝ ነበር። ቀሪው ሁሉ የከንፈርና የትንፋሽ ሥራ ነው ይሉኝ ነበር።

አያቴ ካረፉ በኋላ ትራምፔቱን የሚነፋ ሰው በቤቱ አልነበረም። የሴት አያቴ ቤት ጣራ ደግሞ አርጅቶ ክረምት በመጣ ቍጥር ያፈስሳል። ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ሲመክር እርሳቸው «ድምፁ ከእርሳቸው ጋር ሄዷል፤ ብረቱን ሽጡና ዝናቡን አቁሙልኝ» አሉ። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቼ ስለ ነበር ሽያጩን እንድከታተል ታዘዝሁ።

በፈረስ መጋላ አካባቢ የሚውል አንድ ደላላ ተገኘ። ዕቃውን አገላብጦ አየና ሁለት ገዥ እንዳለው ነገረን፤ አንዱ በአዲስ አበባ የጥንት ዕቃ የሚሰበስብ ባለጸጋ፥ ሁለተኛው በድሬዳዋ በሠርግና በበዓል እየነፋ የሚኖር ወጣት ሙዚቀኛ ነው። የሙዚቀኛው ዐቅም ከ45 ሺህ ብር እንደማያልፍ፥ ሰብሳቢው ግን «ታሪክ ካለው» እስከ 90 ሺህ ብር እንደሚከፍል ገለጠልን። ለዚህም ሁለት ነገር መከረን።

አንደኛው ምክሩ ትራምፔቱ በሞተር ብሩሽ ተወልውሎ እንደ አዲስ እንዲያበራ ነበር። ይህ ነገር ሲሰሙት ንጹሕ ይመስላል፤ ንጹሕ ግን አይደለም። ነሐስ በብዙ ዘመን የሚይዘው ጠየም ያለ መልክ ለዐዋቂ ሰብሳቢ የዕድሜው ምስክር ነው። በሞተር ሲፋቅ ስሱ ብረት ይብሱን ይሳሳል፤ የተቀረጸውም ጽሑፍ ይደበዝዛል። ከዚህም በላይ ይህ ዐይነቱ ነሐስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ በውስጡ ከሚቀረው እርጥበት የተነሣ ዚንኩ ቀስ በቀስ ሲበላ መዳቡ ብቻ ይቀርና ቀላ ያለ ነጥብ በላዩ ይታያል። ደዌው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ ስለ ሆነ ውልወላው ምልክቱን ያጠፋል እንጂ ደዌውን አያድነውም። እንግዲህ የማብራት ሥራም ሐሰት የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክሩ «ይህ ትራምፔት የአርባ ልጆች ነበር በሉ፤ ዘመኑ ይገጥማል፤ ማን ይመረምራል?» የሚል ነበር። የአርባ ልጆችን ነገር ለማታውቁ በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒቆላዎስ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ልከው ነበር፤ የዘመናዊ የሙዚቃ ጓድ ጅማሬም ከዚያ ይቈጠራል። ኋላም በ1916 ዓ.ም. በእኛው አገር በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፥ በአርመኖች ገዳም የተጠጉ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ልጆቹ በ1907 ዓ.ም. በአርመን ሕዝብ ላይ ከተጀመረው እልቂት የተረፉ፥ እናትና አባት የሌላቸው ነበሩ። አልጋ ወራሹ ተነጋግረው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡአቸው፤ የመንግሥቱም የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው።

እነሆ ደላላው በአያቴ ዕቃ ላይ እንድንለጥፈው የፈለገው ይህን ታሪክ ነው። ዋጋውን በእጥፍ የሚያሳድገው ነሐሱም ድምፁም አይደለም፤ የእነዚያ እጓለ ማውታ ስም ነው። አባትና እናታቸውን ያጡ ልጆችን ስም ወስዶ ለጣራ ቆርቆሮ መግዣ ማድረግ ምን ይባላል? ይህን ባሰብሁ ጊዜ «ትንሽ ማጋነን ነው» ለማለት አልቻልሁም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። ያልሆነውን ሆነ ማለት ሐሰት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ከባዱ ግን የሆነውን ነገር ዝም ማለት ነው፤ እኔም የወደቅሁት በዚህ ላይ ነው።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ አያቴ ከቤት በሌሉበት ሰዓት ትራምፔቱን ከሳጥኑ አውጥቼ ልነፋ ስሞክር በድንጋዩ ደረጃ ላይ ጣልሁት። የመጠምዘዣው ቧንቧ ከድጋፉ አጠገብ ተሰነጠቀ። አያቴ መጥተው ሲያዩት እኔ እንቀጠቀጥ ነበር። አልመቱኝም። ዕቃውን በነጠላ ጠቅለው እኔን በእጄ ይዘው ወደ ጀጎል ገቡ፤ በዚያ ብር በመሥራት የሚኖሩ አንድ የሐረሪ ሽማግሌ ስንጥቁን በድጋፉ ሥር አድርገው በየዱት። ሥራቸው እጅግ ያማረ ስለ ነበር ያላወቀ ሰው ሊያየው አይችልም። ወደ ቤት ስንመለስ አያቴ «ይህ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር» አሉኝ። ቀረም። እስከ ዕለተ ሞታቸው ለማንም አልተናገሩም።

እንግዲህ ያንን ብየዳ በቤታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ገዥው አላየውም፤ ደላላውም አላየውም። ብናገር ዋጋው ይወርዳል፤ በዚያም ላይ በቤተ ሰቡ ፊት የልጅነት ጥፋቴ ይገለጣል። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም።

በዩኒቨርሲቲ ስለ ሥነ ምግባር ስናነብ አንድ የጥንት ክርክር አግኝቼ ነበር። የሮማው ሊቅ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የሚከተለውን ምሳሌ ያቀርባል። በሮዶስ ደሴት ረኀብ ሆኖ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎችም የእህል መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን እርሱ ያውቃል፤ የሮዶስ ሰዎች ግን አያውቁም። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን፥ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ጕድለት ከተናገረና ካልዋሸ የቀረውን የመናገር ዕዳ የለበትም አለ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን፥ ሰው ሁሉ ለሰው ጥቅም የተፈጠረ ስለ ሆነ ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ገዥው ሊያውቅ ይገባዋል ብሎ ተቃወመው። ሲሴሮም ነገሩን መርምሮ ነጋዴው መሸሸግ አልነበረበትም ሲል ፈረደ። ዝም ማለት ሁሉ መሸሸግ አይደለም፤ ለራስ ትርፍ ሲባል ሌላው ማወቅ የሚጠቅመውን ነገር እንዳያውቅ ማድረግ ግን መሸሸግ ነው።

ወደ ቅዱስ መጽሐፍ ስንመለስም ሐናንያንና ሰጲራን እናገኛለን። መሬታቸው የራሳቸው ነበረ፤ ገንዘቡም የራሳቸው ነበረ፤ ቢያስቀሩት ማንም አያስገድዳቸውም ነበር። የተፈረደባቸው ከፊሉን ሙሉ አስመስለው ስላቀረቡ ነው። በአንጻሩ አባታችን አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ ሲገዛ፥ በከተማው በር፥ በአገሩ ሰዎች ፊት፥ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ። የእኛም ከተማ በበሮቿ የምትታወቅ ናት። አንድን ሽያጭ ለመመርመር ከዚህ የሚሻል መንገድ አላገኘሁም፤ ይህን ነገር በሸዋ በር ቆሜ፥ የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ እየሰማ፥ ይኸው ዋጋ ይገባኛል ብዬ መናገር እችላለሁን? ካልቻልሁ ዋጋው የእኔ አይደለም።

አሳቤን ለአጎቴ በነገርሁአቸው ጊዜ ያላሰብሁትን መልስ ሰጡኝ። «አባቴ የሸፈኑልህን አንተ ልትገልጠው ነውን? እርሳቸው ምሕረት አድርገው ዝም ያሉትን፥ አንተ በሞታቸው ማግስት በገበያ ልታወራው ነው?» አሉኝ። ይህ ቃል ብዙ ቀን አስጨነቀኝ። የአጎቴ ነገር መልስ የማይሻ ተራ ማመካኛ አልነበረም። የወንድምን ጥፋት መሸፈን በእምነታችንም የተመሰገነ ነው፤ አያቴም ያደረጉት እርሱኑ ነው።

ነገር ግን ደግሜ ሳስበው በሁለቱ ዝምታዎች መካከል ልዩነት አገኘሁ። አያቴ ዝም ሲሉ የዝምታውን ዋጋ ራሳቸው ከፍለዋል። የብየዳውን ገንዘብ ከኪሳቸው አውጥተዋል፤ የተሰነጠቀውንም ዕቃ እስከ መጨረሻ ራሳቸው ነፍተውበታል። እኔ አሁን ዝም ብል ግን ዋጋውን የሚከፍለው ምንም ያላጠፋ፥ በዚያ ቀን በደረጃው አጠገብ ያልነበረ እንግዳ ሰው ነው። መሸፈን ሸፋኙ ሲከፍልበት ምሕረት ነው፤ ሌላው ሳያውቅ ሲከፍልበት ማታለል ነው። በአያቴ ምሕረት ሌላውን ላታልልበት አይገባኝም።

ወደ ጀጎል ገብቼ ብየዳውን የሠሩትን ሽማግሌ ጠየቅሁአቸው። እጅግ አርጅተዋል፥ ነገር ግን ሥራቸውን በጣታቸው ዳስሰው ዐወቁት። ጭንቀቴን ከሰሙ በኋላ «ልጄ፥ በእኛም ሃይማኖት ነውርን ሸሽጎ መሸጥ አይፈቀድም። ሥራዬን ደግሞ አትፈርበት፤ የተበየደ ዕቃ ሌባ አይደለም» አሉኝ። በዚያው ቀን ማታ ለሴት አያቴ ሁሉንም ነገርሁአቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ያን ቀን አንተን አልጎዳህም?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ የገዥንም ግዴታ ሳንናገር ብናልፍ ሚዛናችን ጐደሎ ይሆናል። ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ እንደማያውቅ ሁሉ፥ ገዥ የሚያውቀውን ሻጭ የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በችግር ቀን አንዲት አሮጊት ከሳጥኗ ያወጣችውን ዕቃ፥ ዋጋውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው «አሮጌ ብረት» ብሎ ቢወስድባት ከሸሻጊው ሻጭ በምን ይሻላል? አገራችን ብዙ የብራና መጻሕፍቷን በባዕድ አገር የምታየው በጦር ብቻ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ግዢም ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ መከልከሉም ስለዚህ ነው።

በከተማችን የተሻለ ምሳሌ አለን። አቶ አብደላ ሸሪፍ የሐረርን የጥንት የእጅ ጽሑፎች፥ ሳንቲሞችና የዜማ ቅጂዎች እየሰበሰቡ መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ሙዚየም አቆሙ፤ ኋላም ክምችቱ ራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ በሚታወቀው ሕንፃ ገብቶ ለሕዝብ ይታያል። ስለዚህ ሰብሳቢ ሁሉ ክፉ ነው፥ ሙዚቀኛ ሁሉ ደግ ነው ብዬ አልፈርድም። ሰብሳቢው ዕቃውን ከመሰበርና ከመቅለጥ ያድነዋል፤ ሙዚቀኛው ደግሞ ለተሠራበት ሥራ ያውለዋል፥ እያዋለም ያስረጀዋል። ለማን ይሸጥ የሚለው ጥያቄ ሰዎች በቅንነት ሊለያዩበት የሚችሉበት ነው። ምን ተነግሮ ይሸጥ የሚለው ግን እንደዚያ አይደለም።

የሆነውን ልጨርስላችሁ። ለአዲስ አበባው ሰብሳቢ ደውዬ ትራምፔቱ የአርባ ልጆች ለመሆኑ አንዳች ማስረጃ እንደሌለን፥ ብየዳም እንዳለበት ነገርሁት። በጨዋነት አመስግኖ «ያለዚያ ታሪክ አልፈልገውም» አለኝ። ደላላውም ተቈጥቶ ሄደ። የድሬዳዋው ወጣት ግን መጣ። ስለ ብየዳው አስቀድሜ አሳየሁት። እርሱም ፒስተኖቹን ሳይጫን ተንሸራታቾቹን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ሳብ ያደርግ ጀመር፤ አየር የሚቋጥር ሲሆን ቧንቧው ሲወጣ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ይጮኻል። ሁለቱ ጮኹ፤ ሦስተኛው ግን ደከም አለ። ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ በግቢያችን ቆሞ ነፋ፤ ብየዳው ድምፁን እንዳልነካውም ነገረን። 42 ሺህ ብር ከፍሎ ወሰደ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህን የጻፍሁት ጻድቅ ሆኜ ልታይ አይደለም፤ ዝም ለማለት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከልቤ ፈልጌ ነበር። እውነት መናገር ወዲያው ዋጋ ይመልሳል ብዬም አላታልላችሁም። በተገኘው ገንዘብ የጣራው ግማሽ ብቻ ተለወጠ፤ በጓዳው በኩል ዝናቡ አሁንም ይገባል፥ ሴት አያቴም ከሥሩ ገንዳ ያስቀምጣሉ። አጎቴም እስከ ፍልሰታ ድረስ አላነጋገሩኝም፤ ዛሬም ትክክል ሠርቷል ብለው አላመኑም። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በዚያ ጣራ ሥር ስተኛ፥ ከላዬ ያለው አዲሱ ቆርቆሮ የማንም እንግዳ ሰው ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

እናንተስ ነገ ብስክሌት፥ ሬዲዮ፥ ወይም ከብት ስትሸጡ ምን ትላላችሁ? ገዥው ያላየውን፥ እናንተ ብቻ የምታውቁትን አንድ ነገር አስቡ፤ ከመናገራችሁም በፊት፥ ዝም ብል ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እግዚአብሔር አምላክ በገበያም በቤትም እውነትን የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።